ጥያቄና መልስ፦ በዋልካ መሬት ላይ ከፍ ያለ የአትክልት መደብ

ጥያቄ፦ የ67 ዓመት ጡረተኛ መምህርት ነኝ። የምኖርበት የአቃቂ አካባቢ መሬቱ ጥቁር ዋልካ በመሆኑ በክረምት ውኃ ተኝቶበት የጎመኑ ሥር ይበሰብሳል፤ ጥር ላይ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ጎንበስ ብዬ መኮትኮት ከተውኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ልጆቼ በግንብ ከፍ ያለ መደብ እናሠራልሽ ይሉኛል። ቁመቱና አሠራሩ እንዴት ቢሆን ይሻላል?

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ ልጆችዎ ያሰቡት መልካም ነው፤ ግንቡን በሲሚንቶ እንዳያሠሩት ግን አደራ እላለሁ። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ጥልቅ መሠረት ያልወጣለት ግንብ ይህን አይችልም። ያለ ሲሚንቶ የተደረደረ ድንጋይ ግን ከመሬቱ ጋር አብሮ ስለሚላወስ፣ ከክረምት በኋላ ቦታውን የለቀቀውን መልሶ ማስተካከል ይበቃዋል።

ብዙ ሰው መደቡን እስከ ወገቡ ያስነሣዋል። ለእርስዎ የምመርጠው 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የወንበር ቁመት በመሆኑ፣ ከላይ ሰፋፊና የማይነቃነቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ ካስደረጉበት ጫፉ ላይ ተቀምጠው ይኮተኩታሉ። ከሁለቱም ወገን መሐሉን ሳይንጠራሩ እንዲደርሱበት የውስጡ ስፋት ከ1 ሜትር አይብለጥ፤ ርዝመቱ 2 ሜትር ከሆነ የሚሞላው አፈር 1 ሜትር ኩብ ያህል ነው።

ከሥሩ ጉድጓድ አያስቆፍሩ፤ ዋልካ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ውኃ የሚያቁር ገንዳ ይሆናል። ጥቅምት ላይ፣ ጭቃው ጠጠር ብሎ ገና ሳይሰነጠቅ፣ ሣሩን አስነቅለው ወለሉን ወደ አንድ ወገን ዘቅዘቅ ያስደርጉት፤ ውኃውም በቦይ ከቤትዎ መሠረት ርቆ ይውጣ። በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች ዋልካውን በእጃቸው እያፈሱ ሰፋፊ መደብ የሚያወጡት፣ በመካከሉም ቦይ የሚተዉት፣ ሰብሉን ከተኛ ውኃ ለማዳን ነው።

ለመሙያው ግማሹን ከሌላ ቦታ የመጣ ለም አፈር፣ ሩቡን የበሰለ ኮምፖስት፣ ሩቡን ደቃቅ ሬድ አሽ (ቀዩን የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ያድርጉት። ዋልካውን በጥቂት አሸዋ አላላዋለሁ ብለው እንዳይደክሙ፤ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠጥራል። ትኩስ ፍግም ሥር ያቃጥላልና ሳይብላላ አይጨምሩት። አፈሩ በመጀመሪያው ዓመት ስለሚሰጥም፣ ለመጨመሪያ የሚሆን ኮምፖስት ያስቀምጡ።

ከፍ ያለ መደብ በበጋ ቶሎ ይደርቃል፤ ላዩን የጤፍ ጭድ አልብሰው ጠዋት ጠዋት ያጠጡት። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን አያንሡት፤ በ5 ሊትር መመላለስ ይሻላል። በየጊዜው የሚቀነጠሱትን ጎመንና ቆስጣ በዳር በዳር፣ አንዴ የሚነቀለውን ካሮት መሐል ላይ ይዝሩ። ጤና አዳም እየሰፋ ቁጥቋጦ ስለሚሆን፣ ከማይቀመጡበት ማዕዘን ላይ ይተከል።