ላምባ ለጠጣ ልጅ ወተት?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከእነዋሪ ነው። ቅዳሜ ገበያ ውዬ ስመለስ የሁለት ዓመት ተኩል ልጄ በሃይላንድ የተቀመጠ ላምባ ውሃ መስሎት ጠጥቶ ደረስኩ። አማቴ ወተት ግተውት፣ ጣታቸውን ጉሮሮው ከትተው እንዲያስመልሰው አደረጉት። ሌሊቱን ሲያስለው አደረ። ጠዋት ጤና ጣቢያ ወሰድነው፣ አሁን ደህና ነው። እሳቸው ግን «እኔ ባልደርስለት ይሞት ነበር» ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ እንኳን ተረፈልሽ! አማትሽን አትቀየሚያቸው፣ የኔም እናት ብትሆን ወተቱን ነበር የምታነሳው። ግን ልክ አይደሉም። ላምባ ይበልጥ የሚያሰጋው ሆድ ሲገባ ሳይሆን ሳንባ ሲገባ ነው። ቀጭን ስለሆነ ልጁ ሲያስመልሰው ትን ይለውና ሳንባውን ያቆስለዋል፤ ሆዱ በወተት ሲሞላ ደግሞ ማስመለሱ ይብሳል። ሲጠጣውም ትን ብሎት ሊሆን ይችላል፣ ግን ለምን ሁለተኛ ዕድል እንስጠው?

ላምባ የነካውን ልብስ አውልቂ፣ ገላውን በሳሙና እጠቢ፣ ከእሳት አርቂው። ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ያኔውኑ። ደህና ቢመስልም ቢያንስ 6 ሰዓት በባለሙያ ዓይን ሥር ይቆይ። ሳል፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ የጎን አጥንቱ ወደ ውስጥ መሰርጎድ፣ መፍዘዝ ካየሽ ሳንባው ተነክቷል ማለት ነው።

በረኪና የጠጣንም ልጅ አታስመልሺ፤ ሲመለስ ጉሮሮን ዳግም ያቃጥላል።

ያንቺ አገር ስንዴና ጤፍ አብቃይ ስለሆነ የፀረ ተባይ መርዙንም ልንገርሽ። ምራቁ ከተዝረከረከ፣ ላብ ካጠመቀው፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ከጠበበና ጡንቻው ከተንቀጠቀጠ ጠርጥሪ። እጅሽን በፌስታል ሸፍነሽ ልብሱን አውልቂ፣ በሳሙና እጠቢው፣ ሩጪ። ጎተራ ውስጥ የሚገባው የነቀዝ ክኒን ግን ከሁሉም ይከፋል። እርጥበት ሲያገኝ መርዛም ጋዝ ይለቃል፣ ማርከሻም የለውም። ስለዚህ ሰው ከሚተኛበት ቤት አይቀመጥ።

ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አትጨምሪ፣ በግራ ጎኑ አስተኚው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው። ዕቃውን ይዘሽ ሂጂ፣ ባዶም ቢሆን፤ ሐኪሙ መርዙን ካወቀና ማርከሻ ካለው ጊዜ አያባክንም።

አንድ ነገር አልጻፍሽልኝም። የተረፈው ላምባ አሁንም እዚያው ሃይላንድ ውስጥ ነው?