«ስታቲስቲክስ እርዱኝ ብዬ ብለጥፍ የሚመልስልኝ አጣሁ»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፤ የሁለተኛ ዓመት የማኔጅመንት ተማሪ ነኝ። የስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ቁጥሮች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካበት ስሌት) የቤት ሥራ ቢከብደኝ ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንሥቼ፣ ብዙ አባላት ባሉት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ «ስታንዳርድ ዴቪዬሽን አልገባኝም፣ እባካችሁ እርዱኝ፣ ነገ ይሰበሰባል» ብዬ ለጠፍኩ። እስከ ሌሊት ድረስ መልስ አላገኘሁም፤ አንድ ሰው ብቻ በውስጥ መስመር ገብቶ በክፍያ ሊሠራልኝ እንደሚችል ነገረኝ። ቁጥሮቹ 4፣ 6፣ 7፣ 8 እና 10 ናቸው። በእጄ ስሠራው 2 መጣልኝ፣ በኮምፒውተር ግን 2.24 ይላል፤ ግራ ገብቶኝ 2 ብዬ አስረከብኩ። እንዴት ብጠይቅ ነው መልስ የማገኘው? መጠየቁስ ራሱ እንደ ኩረጃ ይቆጠራል?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ለግሩፑ ከለጠፍሽው ይልቅ ለእኛ የላክሽው ደብዳቤ እጅግ የተሻለ ጥያቄ ይዟል። «ስታንዳርድ ዴቪዬሽን አልገባኝም» ለሚል ሰው መልሱ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ነው፤ ከሥራው መሀል ስልኩን ከፍቶ በነጻ የሚያግዝ ሰው ደግሞ ምዕራፍ ለመጻፍ ጊዜ የለውም፣ ፎቶሽን አጉልቶ የትኛው ጥያቄ እንዳስቸገረሽ መገመትም ይታክተዋል። «በእጄ 2፣ በኮምፒውተር 2.24» የምትለዋ መስመር ግን ትምህርቱን ለሚያውቅ ሰው ወዲያውኑ የተቸገርሽበትን ቦታ ታሳየዋለች። ስለዚህ እንዲህ ብለሽ ብትጽፊ ኖሮ መልስ የማግኘት ዕድልሽ በጣም ይሰፋ ነበር፦ «አማካዩ 7 ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ከ7 ያለውን ልዩነት በራሱ አባዝቼ ስደምር 20 ሆነ፤ ለ5 አካፍዬ 4፣ ስኩዌር ሩቱን ስወስድ 2 አገኘሁ። ኮምፒውተሩ 2.24 ያለው ለምንድን ነው?»

ምክንያቱም ይኸው ነው። በስሌትሽ ላይ ምንም ስሕተት የለም፤ ልዩነቱ የመጣው ከማካፈሉ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ 20ን ለ5 ሳይሆን ለ4 አካፍሎ 5 አገኘ፣ የ5 ስኩዌር ሩት ደግሞ ወደ 2.24 ይጠጋል። አምስቱ ቁጥሮች ልናጠናው የፈለግነው ነገር በሙሉ ከሆኑ ለ5 እናካፍላለን፤ ከብዙ መካከል የተወሰደ ናሙና ከሆኑ ግን ከብዛታቸው አንድ ቀንሰን ለ4 እናካፍላለን። ብዙ ተማሪዎች ይህን እንደ ሕግ ሸምድደው ስለሚያልፉት ምክንያቱን ማየት ይበጃል። 7 ከእነዚሁ አምስት ቁጥሮች የወጣ አማካይ ስለሆነ ከማንኛውም ሌላ ቁጥር ይልቅ ለእነርሱ ይቀርባል። ናሙናው የተወሰደበት የጠቅላላው ሕዝብ አማካይ 8 ነው እንበል፤ ልዩነቶቹን ከ8 ተነሥተሽ በራሳቸው እያባዛሽ ብትደምሪ 16፣ 4፣ 1፣ 0 እና 4 ተደምረው 25 ይሆናሉ። እውነተኛው አማካይ ልክ 7 ላይ ካልወደቀ በስተቀር 20 ሁልጊዜ ያንሳል፤ በ5 ፈንታ ለ4 ማካፈል ይህን ጉድለት ለማካካስ የተበጀ ዘዴ ነው። ኤክሴል ሁለቱንም ቀመሮች ይዟል፤ ስሙ በኤስ ፊደል የሚያልቀው ለናሙና፣ በፒ የሚያልቀው ለጠቅላላው ነው።

ኩረጃን በተመለከተ የመጀመሪያው ዳኛ መምህርሽ ነው፤ የቤት ሥራው ያለ ማንም እርዳታ ይሠራ ብሎ ከሆነ ያንን ማክበር ግዴታሽ ነው፣ ካልተናገረም አስቀድሞ መጠየቅ አያሳፍርም። ከዚህ ውጪ የሠራሽውን አሳይተሽ የተሳሳትሽበትን ቦታ መጠየቅ መማር እንጂ መኮረጅ አይደለም። ክሮስ ቫሊዴትድ የተባለው የታወቀ የስታቲስቲክስ መጠያየቂያ ድረ ገጽም ለቤት ሥራ ጥያቄዎች የተለየ ምልክት አለው፤ ጠያቂው የሞከረውን እንዲያሳይ ይጠየቃል፣ መላሾችም የተሠራ መልስ ከማቀበል ይልቅ ፍንጭ መስጠትን ይመርጣሉ። በክፍያ ልሥራልሽ ያለሽን ሰው እምቢ ማለትሽን በጣም ወደነዋል። በሌላ ሰው እጅ የተሠራ ወረቀት በስምሽ ማስረከብ ግልጽ ማጭበርበር ነው፤ በዚያ ላይ ፈተና ክፍል ውስጥ እርሱ አብሮሽ አይገባም።

«ነገ ይሰበሰባል» የሚለውን ግን ከጥያቄሽ አውጪው፤ ጥድፊያው የአንቺ እንጂ የመላሾቹ አይደለም፣ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ መጠየቅም ይሻላል። አሁን ወደ ወረቀቱ ተመልሰሽ በጥያቄው ውስጥ «ናሙና» የሚል ቃል መኖሩን ተመልከቺ፤ ካለ ትክክለኛው መልስ 2.24 ነበርና ምክንያቱን ይዘሽ መምህርሽን አነጋግሪ። ፎቶውን የለጠፍሽበት ግሩፕ ውስጥም መልሱን ከነማብራሪያው ከሥሩ ጻፊው፤ ያንኑ የቤት ሥራ ይዘው እዚያ የሚፈልጉ ተማሪዎች ይኖራሉ።