ማሽላው ጥሩ ነው፣ ግን የት?

ልጆች፣

ዘንድሮ ግብርና ተመርቃችሁ ምርምር ጣቢያ የምትገቡ አላችሁ። አንድ ያፈርኩበትን ነገር ልንገራችሁ።

በወጣትነቴ ቆቦ ሜዳ ላይ ለአንድ ገበሬ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ሰጠሁ። ጣቢያችን ላይ አንደኛ የወጣ ዝርያ ነው። አጭር፣ በሦስት ወር ተኩል የሚደርስ። ደጋሊት የሚባለው የአገሬው ማሽላ ደግሞ ሚያዝያ ተዘርቶ ኅዳር ነው የሚሰበሰበው። ለእኔ ነገሩ ያለቀለት ነበር።

መስከረም ላይ ፍሬው ወተት ሲይዝ ግሪሳ ወረደበት። በአካባቢው ቀድሞ ያፈራው የእኛው ብቻ ነበርና ወፉ ሁሉ እዚያች ማሳ ላይ ሰፈረ። የሰውየው ልጆች ማማ ላይ ቆመው ወንጭፍ ሲያወነጭፉ ከረሙ፤ አልሆነም። አባታቸው አልተቆጣኝም። አጭሩን አገዳ አንስቶ «ልጄ፣ ላሜ ምን ልትበላ ነው?» አለኝ። እኔ ፍሬ ስመዝን እሱ መኖ፣ ማገዶና አጥር ነበር የሚቆጥረው።

ከዓመታት በኋላ የሚያዝያ ዝናብ ቀረ። ደጋሊት በሰኔ ቢዘራ ሳያፈራ ክረምቱ ይወጣበታል። ያው ሰውዬ ያንኑ አጭር ማሽላ ፍለጋ መጣ! ያን ዓመት ጎረቤቶቹም ዘርተውት ስለነበር ወፉ ተከፋፈለ፤ እሱም ቤቱ እህል አስገባ። ዘሩ ያው ነው። የተለወጠው ዓመቱ ነው።

አሁን ደግሞ እንዲህ ያለ ዓመት በዝቷል። ሙቀቱ ሲጨምር ሰብሉ ይቸኩላል፤ ፍሬ የሚሞላበት ቀን ያጥርና እህሉ ይቀጭጫል። የዝናቡ መጠን ያው ሆኖ እንኳ፣ አበባ ላይ ሁለት ሳምንት ቢጠፋ ጉድ ነው። ቡቃያ ላይ ቢጠፋ ግን ማሽላ ጠውልጎ ይቆይና ዝናብ ሲመለስ ቀና ይላል። ስለዚህ «ድርቅን ይቋቋማል» የሚላችሁን ሰው «የትኛውን ድርቅ?» በሉት።

የሙከራ ውጤት ስታገኙ አማካዩን ለማውጣት አትጣደፉ። (አለቆች አማካይ ይወዳሉ፤ አንድ ቁጥር ለሪፖርት ይመቻል።) የየቦታውን ለየብቻ እዩ። አንዱ ጋ አንደኛ የወጣው ሌላው ጋ መጨረሻ ከሆነ ስህተት ነው ብላችሁ አትጣሉት። አፈሩን፣ ከፍታውን፣ የማሽላን ሥር የሚመጠውን አረም አቀንጭራን ጠይቁ።

የተዘራበትንም ቀን ጻፉ። የእኔ የመጀመሪያ ሦስት ዓመት ደብተር ላይ የለም፤ ያ ሁሉ ቁጥር ዛሬ ምንም አይነግረኝም።