ለእስክስታ ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል? ለተባልሽው

እህቴ፣ «አሜሪካ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ገብቼ ዳንስ ልማር ስል አባቴ ለእስክስታ ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል አሉኝ» ብለሻል። (ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ማለት ከአንድ ሙያ ይልቅ የተለያዩ ትምህርቶችን አጣምሮ የሚያስተምር ኮሌጅ ነው።) እኔም ጅማ ነው ያደግኩት፤ ጎበዝ ተማሪ ሁሉ ሐኪም ይሁን የሚባልበት ከተማ!

አሜሪካ ግን የዳንስ ትምህርቱ መጨፈር ብቻ አይደለም። ስቱዲዮ አለ፤ የአጥንትና የጡንቻ ጥናት፣ የዳንስ ታሪክ፣ ኮሪዮግራፊ (ዳንስ መድረስ)፣ ብዙ ጽሑፍም አለ። በአሜሪካ የመጀመሪያው የዳንስ ዲግሪ በ1926 እ.ኤ.አ. በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ። ያቋቋመችው ማርጋሬት ኤችዶብለር የተማረችው ባዮሎጂ ነበር። ይህቺን ለአባትሽ ንገሪያቸው።

ዋናው ነገር፣ ሁለቱ የመጀመሪያ ዲግሪ ዓይነቶች፣ ቢኤ (ባችለር ኦፍ አርትስ) እና ቢኤፍኤ (ባችለር ኦፍ ፋይን አርትስ)፣ አይምታቱብሽ። ቢኤፍኤ ከሆነ አብዛኛው ጊዜሽ ለዳንስ ይሄዳል። ሊበራል አርትስ ኮሌጅ በብዛት የሚሰጠው ቢኤ ነው። ዳንሱ የትምህርቱን ሲሶ ያህል ቢይዝ ነው፤ ከጎኑ ባዮሎጂ ወይም ኢኮኖሚክስ ደርበሽ መውሰድ ትችያለሽ። የትምህርት ዘርፍሽንም ብዙ ጊዜ የምትወስኚው ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። ስለዚህ ከአባትሽ ጋር ዛሬውኑ አትጣዪ።

ገንዘቡ? እውነቱን ልንገርሽ፣ በዳንስ ብቻ መኖር እዚያም ከባድ ነው። ለማመልከቻው ቪዲዮ ከጠየቁሽ ግን የዩቲዩብ ዳንስ አትኮርጂ። የሰፈርሽን የሰርግ ጭፈራ ቅረጪና ላኪ።