ኤክስ ሲጠፋባችሁ አትደንግጡ

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር ነው ያሳለፍኩት። ጡረታ ወጥቼም አንድ ነገር ያሳስበኛል። "ስሎፓቸው እኩል የሆኑ መስመሮች ትይዩ ናቸው" የምትለዋን ተማሪው ሁሉ በቃሉ ይዟታል። ለምን ሲባል ግን ዝም ይላል። (ስሎፕ ማለት መስመሩ ምን ያህል እንደሚያጋድል የሚናገር ቁጥር ነው።)

እስቲ አንዲት ሚኒባስ ከጫጫ፣ ሌላዋ ከደብረ ብርሃን እኩል ተነስተው ወደ ደብረ ሲና ይሂዱ። በመካከላቸው 20 ኪሎ ሜትር አለ እንበል። ሁለቱም በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ። ሰዓቱን ኤክስ፣ ከጫጫ ያላቸውን ርቀት ዋይ በሉት። ከጫጫ የተነሳችው የኋለኛዋ ዋይ = 60ኤክስ ናት፤ ከደብረ ብርሃን የተነሳችው የፊተኛዋ ዋይ = 60ኤክስ + 20። የፈለገው ሰዓት ቢያልፍ ያቺ 20 አትነካም። ስሎፕ፣ ማለትም ከኤክስ ጋር የሚባዛው ቁጥር፣ እዚህ ላይ ፍጥነቱ ነው። ፍጥነቱ እኩል ስለሆነ ክፍተቱ አይጠብም፣ አይሰፋም። ግራፉ ላይ ትይዩ ሆነው የሚወጡትም ለዚህ ነው።

አሁን የኋለኛዋን ፍጥነት 61 አድርጉት። ግራፉን ስትስሉት አሁንም ትይዩ ይመስላሉ። አይደሉም! በየሰዓቱ 1 ኪሎ ሜትር እየቀረበች፣ መንገድና ነዳጅ ካልገደባት፣ በ20 ሰዓት ትደርስባታለች። መገናኛው ከደብተራችሁ ገጽ ውጭ ስለሚውል ነው የማይታያችሁ። ስለዚህ ሥዕሉ ብቻ አይበቃም፤ ስሎፑን አውጡት።

ጎበዝ የሚባለው ልጅ ሳይቀር የሚሰናከለው ግን ሲያሰላ ነው። ዋይ = 2ኤክስ + 3 እና 4ኤክስ − 2ዋይ = 2 ተሰጡ እንበል። የሁለተኛዋ አጻጻፍ ይለይ እንጂ ስታስተካክሏት ዋይ = 2ኤክስ − 1 ናት። እኩል ስታደርጓቸው 2ኤክስ ከሁለቱም በኩል ይሄድና 3 = −1 ይቀራል። እዚህ ጋ ተማሪው ይደነግጣል፤ የሠራውን ይሰርዛል። ኧረ አትሰርዙ! መልሱ እሱ ነው። ስንጀምር "አንድ ቦታ ይገናኛሉ" ብለን ነበር። ለመገናኘት 3 እና −1 እኩል መሆን ካለባቸው፣ መቼም አይገናኙም። 3 = 3 ቢመጣ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱ አንድ መስመር ናቸው ማለት ነው።

ኤክስ = 2 እና ኤክስ = 5 የሚሉትንም ሳሏቸው። ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ስሎፕ የሚባል ቁጥር የላቸውም፤ ትይዩ ግን ናቸው። ለምን እንደሆነ ለጎናችሁ ልጅ ለማስረዳት ሞክሩ።