ዱቄቱ ነጭ ሆኖ የቀረው በዩሪያው አይመስለኝም

ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ፣ አንድ የኬሚስትሪ መምህር ጽፈውልኛል። ዩሪያ በኤሌክትሪክ ፈርነስ (ምድጃ) በ550 ዲግሪ አሙቀው ካርቦን ናይትራይድ የሚባለውን የካርቦንና የናይትሮጅን ውህድ ሊሠሩ ሞከሩ። ምንም ብረታ ብረት የሌለበት ዱቄት በብርሃን ብቻ ከውሃ ሃይድሮጅን ሲያወጣ ለተማሪዎቻቸው ማሳየት ፈልገው ነው። የወጣው ዱቄት ግን ነጭ ነው፤ ውሃ ውስጥ በትነው አምፖል ቢያበሩበትም ምንም የለም። ፈርነሱ በቅርቡ ተጠግኖ የሙቀት መለኪያው፣ ቴርሞካፕሉ፣ ተቀይሯል።

መምህር፣ እኔን የያዘኝ ይሄ የመጨረሻው ነገር ነው። ፈርነስዎ 550 ይላል እንጂ 550 አልደረሰም። ትክክለኛው ዱቄት ቢጫ ነው፤ እስከ 460 ናኖሜትር ድረስ ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ስለሚውጥ። ነጩ ከሚታየው ብርሃን የሚወስደው የለም። ዩሪያ 400 አካባቢ ላይ ከቆመ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ቢጫው በደንብ የሚመጣው ወደ 520 ሲጠጋ ነው፤ ከ600 ካለፈ ደግሞ መፈራረስ ይጀምራል።

ቴርሞካፕል ማለት ጫፋቸው የተበየደ ሁለት የተለያዩ ሽቦዎች ናቸው። የተበየደው ጫፍ ሲሞቅ በሌላኛው በኩል ትንሽ ቮልቴጅ ይወጣል። የፈርነሱን ሙቀት የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር ዲግሪ አያውቅም፤ የሚያየው ሚሊቮልት ነው። ውስጡ ባለው ሠንጠረዥ ወደ ዲግሪ ይለውጠዋል። ኬ የሚባለው ዓይነት በ550 ዲግሪ ወደ 23 ሚሊቮልት ይሰጣል። ጄ የሚባለው፣ አንዱ ሽቦው ብረት (አይረን) የሆነው፣ ያንኑ 23 ሚሊቮልት በ420 ዲግሪ ገደማ ይሰጣል። እንግዲህ ለኬ በተስተካከለ ኮንትሮለር ላይ ጄ ከታሰረ፣ ፈርነሱ 420 ላይ ሆኖ 550 ደረስኩ ብሎ ይቆርጣል። ማሽኑ አልዋሸም፤ የተሳሳተ ሠንጠረዥ ነው የሚያነበው።

ማረጋገጡ ቀላል ነው። መብራቱን ከዋናው ያጥፉ፣ በካቻቢቴ ቴርሞካፕሉን ይፍቱ። መልቲሜትር ሚሊቮልት ላይ አድርገው ጫፉን በላይተር ያሙቁና ፖዘቲቩን ይለዩ። ከዚያ ማግኔት ያስጠጉ። ፖዘቲቩ ከሳበ ጄ ነው፤ ኬ ላይ የሚስበው ኔጌቲቩ ነው። የሽቦውን ቀለም አይመኑ። ገበያው ላይ ያለው ርካሽ ቴርሞካፕል ቀለሙ ምንም ሕግ አይከተልም፤ ያገኘውን አስሮ ገንዘቡን ተቀብሎ የሚሄድ ጠጋኝም አይጠፋም። በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ሌላም መንገድ አለ፤ ቴርሞካፕሉን መልሰው አስረው ጫፉን የፈላ ውሃ ውስጥ ይክተቱ። እናንተ ጋ ከከፍታው የተነሳ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ 100 አይጠብቁ። ኮንትሮለሩ ወደ 110 ካሳየ ጄ ነው፤ ነገሩ አለቀ። ኮንትሮለሩን ወደ ጄ መቀየር ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። በዚህ ሙቀት ብረቱ ቶሎ ይበላል። ኬ ይግዙ።

አሁን ዋናው ነገር። ዩሪያ ሲሞቅ አሞኒያ ብቻ አይደለም የሚወጣው፤ ሳንባ የሚያቃጥል አይሶሳያኒክ አሲድም አለ። ብርዱ ከበደ ብላችሁ መስኮት ዘግታችሁ አትሥሩ። ዩሪያው የሚሞቅበትን ዕቃ፣ ክሩሲብሉን፣ ይክደኑት፤ ክፍት ከሆነ ሁሉም ተኖ ያልቃል። ግን አያሽጉት፣ ይፈነዳል። ከ10 ግራም ዩሪያ ግማሽ ግራም ላያገኙ ይችላሉ፤ ያ ጥፋት አይደለም።

ቢጫው ከመጣ በኋላም ሲንተከተክ አይጠብቁ። የጀርመን፣ የቻይናና የጃፓን ተመራማሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ይህን ዱቄት ሲያሳዩ ለዱቄቱ ኤሌክትሮን የሚሰጥ ትራይኤታኖላሚን የተባለ ኬሚካል ውሃው ውስጥ ጨምረው ነበር፤ ጋዙ በደንብ እንዲወጣም ፕላቲነም የተባለውን ብረታ ብረት ትንሽ ዱቄቱ ላይ አስይዘዋል። ብረታ ብረት የሌለበት ብርሃኑን የሚውጠው ዱቄት ራሱ ነው። ያለ ትራይኤታኖላሚን ብርጭቆው ላይ አረፋ ካዩ፣ ውሃው ሲሞቅ የወጣ አየር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። አምፖሉም ነጭ ኤልኢዲ ይሁን፤ ቢጫማው አምፖል የሚሰጠው ሰማያዊ ብርሃን ትንሽ ነው።

የፈላው ውሃ ላይ ስንት እንዳሳየ ይጻፉልኝ። እስከዚያ ሌላ ዩሪያ አይጨምሩ፤ ሲጨምሩም መስኮቱ ክፍት ይሁን፣ ተማሪዎቹም ውጭ ይቆዩ።