ኩንታሉ የየትኛው ማሳ ነው?

ውድ ወጣት የግብርና ባለሙያዎች፣

አዲስ የስንዴ ዝርያ ሲወጣ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ስንት ኩንታል ይሰጣል?» ብላችሁ ነው። አልፈርድባችሁም፤ ገበሬውም ወረዳውም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ዕድሜዬን በስንዴና በገብስ ማሳ ውስጥ የጨረስኩ ሰው ነኝና አንድ ጥያቄ ላስቀድምላችሁ፦ ኩንታሉ የተገኘው በየትኛው ማሳ፣ በምን ዓይነት ዝናብ ነው?

ሕንድን ተመልከቱ። እዚያ ስንዴ የሚዘራው የክረምቱ ዝናብ ካለፈ በኋላ፣ በኅዳር አካባቢ ነው። ፑንጃብ ላይ ሰብሉ የሚያድገው በብርድ ወራት፣ በመስኖ ነው። የእኛ የደጋ ስንዴ ግን ክረምቱ ውስጥ ተዘርቶ ዝናብ እየወረደበት ያድጋል። ቅጠሉ እንደራሰ ውሎ ያድራል። ዋግ ለሚባለው የፈንገስ በሽታ ከዚህ በላይ ምን ምቾት አለ?

ቁብሳን ታስታውሱ ይሆናል። ሲሚት የተባለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል አቲላ ብሎ ካዳቀለው የተገኘ የስንዴ ዝርያ ነው። ሕንዶች በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የለቀቁት ፒቢደብሊው 343ም የዚያው ቤተሰብ ነው። ቁብሳ ምርቱ ጥሩ ስለነበር ገበሬው ወደደው፣ አርሲና ባሌን አዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ መጣና አመድ አደረገው። የሕንዱ ወንድሙም ለዚሁ በሽታ እጅ ሰጥቷል፤ ሁለቱም ተማምነው የነበረው በአንድ ዘረመል ላይ ነበርና። ከዚያ ድገሉ የተባለው ዝርያ ቢጫ ዋግን ቻለ ተብሎ ተስፋፋ። እሱን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 የግንድ ዋግ ጣለው። ስለዚህ ቀበሌውን ሙሉ አንድ ዝርያ አታልብሱት፣ እባካችሁ።

ማሳ ስትገቡ ዳር ቆማችሁ አትመለሱ። ቅጠሉን በጣታችሁ ጠረግ አድርጉት። እርድ የመሰለ ዱቄት ጣታችሁ ላይ ከቀረ፣ ቅጠሉም ላይ በመስመር በመስመር ከተሰለፈ፣ ቢጫ ዋግ ነው። የፀረ ፈንገስ መድኃኒት የመርጨቱን ነገር ለነገ አታሳድሩት።

ገብስ ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው። ውርጩንና ደጋውን ይችላል፣ የተኛ ውሃ ግን አይወድም። መረሬ መሬት ላይ፣ ውሃ በሚይዘው ጥቁር አፈር ማለቴ ነው፣ ቢጫ ሲሆን «ዩሪያ አንሶት ነው» ይባላል። ነቅላችሁ ሥሩን እዩት። ጠቁሮ ከሸተተ አየር አጥቶ ታፍኗል። እዚያ ላይ ማዳበሪያ ከመጨመር በፊት ፈሰስ ይውጣለት። የሆለታ ምርምር ማዕከል ያወጣው ኤችቢ 1307 ጥሩ የገብስ ዝርያ ነው፤ እሱም ቢሆን ውሃ ውስጥ ቆሞ ተአምር አይሠራም።

የአገሬውን ዘር ለማስጣልም አትቸኩሉ። የአውሮፓ የቢራ ገብስ ነጩን ዱቄት መሰል ሻጋታ ከሚቋቋምባቸው ዘረመሎች አንዱ፣ ኤምኤልኦ 11፣ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። (ይህን ስናገር ትንሽ እኮራለሁ፣ ይፈቀድልኝ።) ነባሩንና አዲሱን ጎን ለጎን ዝሩ፣ ውሃ በሚያቁርበት ጥግም ጭምር። አጭዳችሁ ለየብቻ መዝኑ። ሪፖርቱ ላይም ከኩንታሉ አጠገብ የዘራችሁበትን ቀን፣ የአፈሩን ዓይነትና ዝናቡ የቆመበትን ሳምንት ጻፉ።